ያለፈ የመሰለኝ ግስ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት

ውድ ጋሼ በዕውቀቱ፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም፤ ነቢል ደህና ነው። ሳቢት ይህን ደብዳቤ ሲሰጥዎ «ስለ ባሏ አደጋ ነው የጻፈችው» ብሎ እንደሚያስደነግጥዎ ስለማውቅ ነው። ያጎቴን ልጅ ያውቁት የለ፤ ወሬ የሚጀምረው ከመሃሉ ነው። አዎ፣ አደጋ ነበር፤ አልፏል። አሁን መነጽርዎን አድርገው፣ ጥላ ያለበት ቦታ ተቀምጠው፣ በእርጋታ ያንብቡልኝ።

ለመደወል ሞክሬ ነበር። ልጅዎ ቡርቱካን አነሳችና «አባባ እኮ በስልክ ምንም አይሰማም፤ ለእኔ ንገሪኝና በጆሮው ልጩህለት» አለችኝ። እሷን እግዜር ይስጣት፣ ይህ ግን በሰው አፍ ተጮሆ የሚደርስ ነገር አልመስል አለኝ። በራሴ ቃል እንዲደርስዎ ፈለግሁ።

እንዴት እንደተዋወቅን ያስታውሳሉ? ነቢል ከኒካችን በኋላ ወደ ጀርመን፣ ካሰል ተመልሶ፣ እኔ ከእናቱ ጋር እዚህ ግቢ ቀርቼ ነበር። እሱ ዘንድ ለመሄድ መጀመሪያ የጀርመንኛ ፈተና ማለፍ አለብሽ ተባልኩ። አማቴ ጀዋሪያ፣ ሁላችን ኡሚ የምንላት፣ ይህን ስትሰማ «ሚስት ለመሆን ደግሞ ፈተና አለው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እዚህ ከተማ የሚያስተምረኝ ባጣ ስልኬን ከፍቼ ብቻዬን እለፈልፍ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ኢሽ ቮነ፣ ዱ ቮነ፣ ኤር ቮነ» እያልኩ፣ ለካ «እኔ እኖራለሁ፣ አንተ እኖራለሁ፣ እሱ እኖራለሁ» እያልኩ ኖሯል፣ ከግድግዳው ማዶ ጩኸት መጣ።

«ቮንስት! ዱ ቮንስት! ኤር ቮንት! የሰው ቋንቋ አታበላሺ!»

ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ከወደቡ ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ፣ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ገዝተው ማንንም ሳያናግሩ የሚገቡ ሽማግሌ ተከራይ መሆንዎን እንጂ፣ በወጣትነትዎ ድሬስደን ድረስ ሄደው የክሬን ጥገና የተማሩ ሰው መሆንዎን ማን ነግሮኝ?

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እርስዎ የፕላስቲክ ወንበርዎን ግቢው ውስጥ አወጡ፤ እኔም የራሴን። ኡሚ በራችን ላይ ተቀምጣ ሩዝ እየለቀመች በዓይኗ ትጠብቀናለች። እሷ በድሬ ሰው ወግ «አንተ በዕውቀቱ» ስትልዎት፣ እኔ ተማሪ ነኝና እርስዎ እላለሁ። እርስዎ ደግሞ በሻይ ማንኪያ የጠረጴዛውን ብረት እየመቱ ይጀምራሉ።

«መደበኛ ግስ የጨዋ ልጅ ነው። ሥሩን አይለቅም፤ ጫፉን ብቻ ይለዋውጣል። ‹ሌርን› የምትለዋን ያዢ፤ መማር ነው። ኢሽ ሌርነ፣ ዱ ሌርንስት፣ ኤር ሌርንት። በይ ቀጥዪ።»

«ቪር ሌርነን፣ ኢር ሌርንት፣ ዚ ሌርነን።»

«አየሽ? አማርኛሽስ ምን ያደርጋል? ተማርኩ፣ ተማርሽ፣ ተማረች። ይህን ማን አስተማረሽ? ማንም። ጆሮሽ ነው። ለጀርመንኛም ጆሮ አብጂለት።»

እውነቱን ልንገርዎ፣ የአሁን ጊዜ ቶሎ ገባኝ። የወደፊቱም አላስቸገረኝም፤ «ቬርደ» ብዬ ጀምሬ ግሱን እንዳለ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ነው። ትእዛዙንማ ወደድኩት። «ቫርተ!» ብለው ቆይ ማለትን ሲያስተምሩኝ ኡሚ ሰምታ፣ የፍየል ሥጋ ነጥቃ የሮጠችውን ድመት «ቫርተ!» ብላ ስታባርር የሳቅነው ሳቅ! ያለፈው ጊዜ ግን ጠላቴ ሆነ። አንዱ «ሌርንተ» ይላል፤ ሌላው «ሃት» የምትባለውን ከፊት አስቀድሞ፣ ግሱን በ«ገ» እና በ«ት» መሃል አስሮ «ገሌርንት» ይላል። «ገ»ን ስይዝ «ት» ታመልጠኛለች፤ «ት»ን ስይዝ «ሃት» ትጠፋለች። እርስዎ ማንኪያውን ወርውረው ወደ ቤትዎ የገቡበት ቀን ነበር። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ተመልሰው ወጥተው ምንም እንዳልተፈጠረ «እንደገና» አሉኝ።

የምኞት አነጋገር የተማርንበትን ቀንስ? «ቩርደ»ን አስረዱኝና «በይ የራስሽን ዓረፍተ ነገር ሥሪ» አሉኝ። ትንሽ አሰብኩና «ቬን ነቢል ሂር ቮንተ፣ ቩርደ ኢሽ ኮኸን» አልኩ። ነቢል እዚህ ቢኖር አበስልለት ነበር። አንዲት ስህተት አልነበረባትም። «ብራቮ» ብለው ቀና ሲሉ እኔ እንባዬን ማቆም አቅቶኛል። ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባዎት። ተነስተው ገቡ፤ ከፍሪጅዎ ቀዝቃዛ ውኃ አምጥተው ሰጡኝና «ሰዋስው ነው እንጂ ሙሾ አይደለም። ጠጪና ወደ ወደፊት ጊዜ ውሰጂው» አሉኝ። ጠጣሁና «ኢሽ ቬርደ ኮኸን» አልኩ። አበስላለሁ። ያን ቀን በወደፊቱ ጊዜ ስለው እውነት የሚሆን መስሎኝ እንደቀለለኝ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለእርስዎም ቢሆን።

ኡሚ ግን ትምህርታችንን አልወደደችውም። በፊትዎ አትናገር እንጂ ለጎረቤታችን ለሙሚን ሚስት «ሰውዬው ልጄን ላይመልስልኝ ምራቴን ሊነጥቀኝ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። አልፈርድባትም። ባሏ ሞቷል፣ ነቢል አንድያ ልጇ ነው፣ እኔ ብሄድ እዚህ ቤት ከእሷ በቀር ሰው የለም። እያንዳንዱ የማጠናው ግስ ከእሷ የሚያርቀኝ እርምጃ ነበር። ስለዚህ እሷ እንዳትሰማ በሹክሹክታ ማጥናት ጀመርኩ። ጀርመንኛን በሹክሹክታ ማጥናት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

ከዚያ ሙቀቱ በረታና ጤናዎ ታወከ። ቡርቱካን ከድሬዳዋ መጥታ «ከእንግዲህ ብቻህን አትኖርም» አለችዎት። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘሁዎት። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ምርቃት ስጠብቅ፣ እርስዎ ግን ከበሩ ላይ ዞር ብለው «ያለፈ ጊዜሽ ደካማ ነው!» አሉኝ። ስንብታችን ይኸው ነበር። እያለቀስኩም እየሳቅኩም ተመለስኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የሆነው ዓርብ ነው። ጁምዓ ተሰግዶ፣ ጫት የገባበት ሰዓት ነበር፤ ሰፈሩ ያ የሚያውቁት ሩጫና ጩኸት ላይ ነው። ኡሚ ከቬንቲላተሩ ሥር ሰሌን ላይ ጋደም ብላለች፤ እኔ ልብስ አጥፋለሁ። ነቢል ከትናንት ጀምሮ አልደወለም፤ ስንደውልለትም አያነሳም። ሁለታችንም ይህን እያሰብን ነው፤ ሁለታችንም አላነሳነውም። ስልኬ ጮኸ። የጀርመን ቁጥር ነው፤ የነቢል ግን አይደለም።

የሴት ድምፅ ነው። «ፍራው ማይሙና?» አለች። አዎ ስላት የጀርመንኛ ጎርፍ ለቀቀችብኝ።

«ላንግዛም፣ ቢተ!» አልኩ። ቀስ ይበሉ፣ እባክዎ።

ቀስ አለች። «ክራንከንሃውስ» የሚለውን ሰማሁ፤ ሆስፒታል። «አርባይት» አለች፤ ሥራ። «ኡንፋል» አለች፤ አደጋ። ነቢል ዕቃ በሚጭንበት መጋዘን ውስጥ የሆነ ነገር ደርሶበታል፤ ይህ ገባኝ። ኡሚ ከሰሌኑ ተነስታ ተቀምጣለች። ጀርመንኛ ባትሰማም የልጇን ስም ሰምታለች።

ከዚያ ሴትዮዋ እንዲህ አለች፦ «ኤር ሃት ዴን ኡንፋል ዩበርሌብት።»

ጋሼ፣ እኔ የያዝኩት «ሃት»ን እና «ሌብት»ን ብቻ ነው። «ኤር ሌብት» ማለት ይኖራል፣ በሕይወት አለ ማለት እንደሆነ አስተምረውኛል። «ሃት» ከፊቱ ስትገባ ግን ነገሩ ያለፈ ነው ብለውኛል። ኖረ። ኖሮ ነበር። በእኛ ቋንቋ አለፈ የሚባል ሰው ምን የሆነ ሰው እንደሆነ ደግሞ አይጠፋዎትም። «ገ»ዋን አልሰማኋትም፤ ግን መስመሩ ይቆራረጣል፣ ያመለጠችኝ መሰለኝ። እኔን መቼ «ገ» ሳታመልጠኝ ቀርታ ታውቃለች?

ባጠፍኩት ልብስ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን አለች?» አለች ኡሚ።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጥብቄ ያዝኩ።

«ማይሙና፣ ምን አለች? ልጄ ምን ሆነ?» ክንዴን ይዛ ትወዘውዘኛለች። ዓይኗን ቢያዩት! አፌ ላይ ተተክሏል። ከአፌ የሚወጣው ቃል ወይ ይገድላታል ወይ ያድናታል፤ እኔ ደግሞ ቃሉን አላውቀውም። እርስዎ ደካማ ነው ያሉትን ያለፈ ጊዜ አምኜ ለእናት ልጅሽ ሞቷል ልበላት? ብሳሳትስ? ባልሳሳትስ?

ሴትዮዋ «ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች። ስልኩን ልዘጋው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያን ጊዜ ነው መስማት ብቻ ሳይሆን መጠየቅም እንደምችል ትዝ ያለኝ። መጠየቅ ስትፈልጊ ግሱን ከፊት አስቀምጪ፣ ሌላው ይከተለዋል ብለውኛል። ያለፈውን ተውኩት። በማልሳሳትበት በአሁን ጊዜ ጠየቅኳት።

«ሌብት ኤር?» አልኩ። ይኖራል ወይ? ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

ከዚያ የፈራሁት ምን እንደሆነ የገባት መሰለኝ፤ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ያ! ያ፣ ኤር ሌብት! ፍራው ማይሙና፣ ኤር ሌብት!»

«አለ» አልኩ። «ኡሚ፣ አለ። በሕይወት አለ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ድገሚና ጠይቂያት!»

ጠየቅኳት። «አትመት ኤር?» ይተነፍሳል? «ኤር አትመት» አለች፤ ይተነፍሳል። እንግዲህ እንደ ሕፃን ልጅ መሆኔን አውቃ አንድ በአንድ፣ በትንንሹ ታጎርሰኝ ጀመር። እግሩ ተሰብሯል። «ኦፐሪርት» ስትል ከፈረንሳይኛው አውቄ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል አልኩ ለኡሚ። ከዚያ «ኤር ሃት ናኽ ኢነን ገፍራግት» አለች፤ ስለ እኔ ጠይቋል ማለቷ ነው። ጋሼ፣ ይቺን «ገ» ጥርት አድርጌ ሰማኋት! ያለፈ ጊዜ ነው፤ ግን የሚጠይቅ ሰው አልሞተም። በመጨረሻ «ኤር ቪርት ሞርገን ቴሌፎኒረን» አለችኝ። ነገ ይደውላል። ለኡሚ ስነግራት ክንዴን ሳትለቅ ግንባሯን መሬት ላይ አድርጋ ሱጁድ ወረደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሙሉ ግቢው ይመስክር። ኡሚ ነጠላ ጫማዋን ሳታደርግ ወጣች። ለሙሚን ሚስት በሶማሊኛ «ዉ ኖል ያሀይ!» አለቻት፤ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሴትየዋ ነቢል አደጋ እንደደረሰበት እንኳ አልሰማችም። ለጫት ሻጯ በአማርኛ ነገረቻት። በር ላይ ለሚያልፈው ሁሉ «ኤር ሌብት! ኤር ሌብት!» እያለች በእጇ ወደ ሰማይ ታሳያለች። ሰው ግራ ቢገባውም እልል ሲባል ማን ዝም ይላል? እልል አሉላት። እኔ በሩ ላይ ተደግፌ አየኋት። እንደዚያ የቀለለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ እንደተባለው ደወለ። ድምፁ የሩቅ ሰው ድምፅ ነው፣ ግን የእሱ ነው። የተከመረ ዕቃ ተንዶበት ነው። አብሮት የሚሠራ ቴዎ የሚባል ጀርመናዊ ደርሶ አወጣው። ወደ ቀዶ ጥገና ሊያስገቡት ሲሉ ለማን እንደውል ብለው ጠየቁት። ቴዎ «ፍራንክፈርት ያለው ዘመድህ ጀርመንኛ ይችላል፣ ለሱ ይደወል» ሲል ነቢል እንቢ አለ።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ለሚስቴ ደውሉ፣ ሚስቴ ጀርመንኛ ትናገራለች አልኳቸው።»

«አንተ ደግሞ! ሁልጊዜ በጀርመንኛዬ ስትስቅብኝ አልነበር?»

«እስቃለሁ እንጂ አላምንሽም አልኩሽ?»

ትዳራችን ከተመሠረተ ጀምሮ አብረን የኖርነው ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነበርን፤ እሱ ደክሞት፣ እኔ አኩርፌ። ይረሳኝ ይሆን እያልኩ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ሰው ሊሞት ይችላል በተባለበት ሰዓት ለማን ይደወል ሲሉት የእኔን ስም መጥራቱን ስሰማ ያ ሁሉ ጥርጣሬ ከላዬ ወረደ። ኡሚም አጠገቤ ሆና ሰምታለች። ዐስር ሰግዳ ስትጨርስ ወንበሯን አውጥታ እርስዎ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ አደረገችውና «ዛሬ ለምን አታጠኚም?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አልተወችኝም። በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ ስሳሳት አታውቅም፣ ስፈጥን ግን ዝም ብላ «እንደገና» ትላለች። ነቢልም አልጋው ላይ ሆኖ «ዩበርሌበን» ከአደጋ ተርፎ መኖር እንደሆነ አስረዳኝ። እንደሱ ከፊታቸው የማይነጠል ቅጥያ የተለጠፈባቸው ግሶች «ገ» አይወስዱም አለኝ። ለካ «ገ»ዋ ያልተሰማችኝ ስላልነበረች ነው! ከእርስዎ ጋር ያልደረስንበት ትምህርት ነበር።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ሄጄ ተፈተንኩ። ፈታኟ ባለፈው ሳምንት ምን አደረግሽ አለችኝ። ሰበሰብኩ፣ አበሰልኩ፣ አጠናሁ፣ ጠበቅሁ እያልኩ ዘረዘርኩላት፤ አንዷ «ገ» ብትወድቅብኝም ሌሎቹን ይዣቸዋለሁ። አለፍኩ። ቪዛውም ከትናንት በስቲያ መጣ። ነቢል በክራንች መራመድ ጀምሯል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥቼ ካልተቀበልኩሽ ብሎ ከአሁኑ ይጨቃጨቃል።

አሁን ልመናዬ። ኡሚ እዚህ ብቻዋን አትቀርም። ድሬዳዋ መጋላ ወዳለችው እህቷ ቤት ልትገባ ወስናለች፤ ከእርስዎ ሰፈር ከከዚራ የደቻቱን ወንዝ መሻገር ብቻ ነው። እኔ ከመሄዴ በፊት አብሬያት በባቡር መጥቼ አስቀምጫት እመለሳለሁ። እርስዎ ጋም እንገባለን፤ ጆሮዎ በስልክ ባይሰማ ፊት ለፊት ይሰማኛል፣ የተረፈውን ጮኼ እነግርዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ኡሚን ለእርስዎ አደራ እላለሁ። አልፎ አልፎ ብቅ ይበሉባት። እሷ ሲከፋት አትናገርም፤ ሩዝ እየለቀመች ዝም ካለች ያን ጊዜ ከፍቷታል ማለት ነው። ስለ ልጇ ያጫውቷት። እኔም ነቢልም በየሳምንቱ እንደውላለን፤ ቢዘገይባት መስመሩ ነው እንጂ እኛ አይደለንም ይበሉልኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ኡሚ ያቺን የሆስፒታሉን ሴት እግዜር ይስጥልኝ ሳልላት አልሞትም ብላ «ኢሽ ዳንከ ኢነን» ማለት ተለማምዳ በስልክ አለቻት። ሴትዮዋ ደጋግማ አመሰገነች። ኡሚ ተበረታታችና አሁን «ልጄ ልጅ ሲወልድ በምን ቋንቋ ላናግረው ነው?» ትላለች። ስለዚህ ወንበርዎን ያዘጋጁ፣ ተማሪ ይመጣልዎታል። ፈጥኖ አይገባትም። ማንኪያውን አይወርውሩባት፤ መልሳ ትወረውርብዎታለች።

ሐሙስ ጠዋት ከናጋድ እንነሳለን። ጣቢያ ድረስ አይድከሙ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው። ቤት ይጠብቁን፤ አድራሻውን ቡርቱካን ነግራኛለች።

በአካል እስክንገናኝ አላህ በጤና ያቆይልኝ፣

ተማሪዎ ማይሙና